አባ መላ እና መሀል ሰፋሪ

በጥንቱ የኢትዮጵያ የጦር ሰፈር አንድ ሹም ማን እንደሆነ ለማወቅ ድንኳኑ የት እንደተተከለ ማየት ይበቃ ነበር። ጦሩ ሲጓዝ ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው፣ ሲሰፍርም ከፊት የሚሰፍረው ፊታውራሪ ይባላል። በቀኝ የሚሰለፈው ጦር አዛዥ ቀኛዝማች፣ በግራ የሚሰለፈው ደግሞ ግራዝማች ነው። ደጃዝማች የሚለው ማዕረግም ከንጉሡ ድንኳን ደጅ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ስሞች በኋላ ዘመን የክብር መጠሪያ ብቻ ሆነው ቢቀሩም በመጀመሪያ የተሰጡት ለሥራ ነበር። እያንዳንዱ የጦር ክፍል ማታ ሳይጠያየቅ ስፍራውን የሚያገኘው፣ ጠዋትም ሳይጋፋ የሚሰለፈው በእነርሱ መሪነት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ይተከላል። በእርሱ ዙሪያ የሚሰፍረው ጦር መሀል ሰፋሪ ተባለ። መሀል ሰፋሪ የአንድ አውራጃ ወይም የአንድ መስፍን ጦር አልነበረም፤ የሚቀለበው ከንጉሠ ነገሥቱ፣ የሚታዘዘውም ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ከአድዋ ድል አንሥቶ እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ለሠላሳ ዓመት ያህል ይህን ጦር የመሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው። በማዕረጋቸው የፊት፣ በጦራቸው የመሀል ሰው መሆናቸው እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ነገር ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ የመሀል ሰፋሪው አለቃ ጭምር ነበር።

ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ1844 ዓ.ም. ገደማ ከዛሬዋ አዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በጨቦ አገር ነው። ወገናቸው ኦሮሞ ነው፤ የልጅነት ስማቸውም ቁሴ እንደነበረ ይነገራል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ግዛታቸውን ለማስፋት በዘመቱበት ወቅት ወጣቱ ሀብተ ጊዮርጊስ ተማረኩ። በዚያ ዘመን የጦር ምርኮኛ ዕጣ ብዙ ጊዜ ባርነት ነበር። ከተማረኩት ልጆች መካከል ጥቂቶቹ ግን ወደ ንጉሡ ግቢ እየተወሰዱ በዚያ ያድጉ ነበር። ከጊዜ በኋላ የመድፈኞች አለቃ የሆኑት ባልቻ ሳፎም በዚሁ መንገድ ከጦር ሜዳ ተወስደው በግቢ ያደጉ ናቸው።

በግቢ ያደገ ምርኮኛ ርስትም ሆነ የሚመካበት ዘመድ አልነበረውም። የአገር ባላባት ንጉሡን ቢያስቀይም ወደ አባቶቹ አገር ተመልሶ ሊሸፍት ይችላል፤ ግቢ ያሳደገው ግን ከንጉሡ በቀር የሚመለስበት ቤት የለውም። ምኒልክ ታላላቅ ኃላፊነቶችን ለእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ከሰጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑ አያጠራጥርም። ሀብተ ጊዮርጊስ ግን በታማኝነት ብቻ የታወቁ አልነበሩም። በጦርነት ጽናታቸውን፣ በምክር አስተዋይነታቸውን፣ በዳኝነት ነገር የመለየት ችሎታቸውን አስመሰከሩ። የጦር አለቆች በፈረሳቸው ስም በሚጠሩበት በዚያ ዘመን ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ሲባሉ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተባሉ። ዘዴ አዋቂ፣ ለችግር መውጫ የሚያገኝ ማለት ነው።

ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ባወጁ ጊዜ የተሰበሰበው መቶ ሺህ ያህል ሠራዊት ከአንድ ምንጭ የመጣ አልነበረም። ራስ መኮንን የሐረርን፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን፣ ራስ መንገሻ ዮሐንስ የትግራይን ጦር ይዘው መጡ። ራስ ሚካኤል በፈረሰኞቹ የታወቀውን የወሎን ጦር አሰለፉ። የእነዚህ ጦሮች ወታደር በመጀመሪያ የሚያውቀው የራሱን ጌታ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱን የሚያውቀው በጌታው በኩል ነው። ጌታው ሲታረቅ አብሮ ይታረቃል፤ ጌታው ሲሸፍትም አብሮ ይሸፍታል።

የንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸው ጦርም ቢሆን ብዙ ክፍል ነበረው። የግቢ ዘበኛ በሩንና ግምጃ ቤቱን ይጠብቃል። ጠመንጃ ያዦች የንጉሡን መሣሪያ ይዘው ከአጠገባቸው አይለዩም። ባሩድ ቤት የሚባለው ክፍል ጥይትና ባሩድ ያከማቻል፣ ያድላል። መድፈኞቹ በበጅሮንድ ባልቻ ሥር ነበሩ፤ በመቀሌ ከበባም ሆነ በአድዋ ጦርነት ፈጥነው የሚተኩሱት መድፎቻቸው ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። ከሁሉም በስተኋላ፣ በየትኛውም የሰልፍ መዝገብ ያልተጻፈ፣ ያለ እርሱ ግን አንድም ጦር ሊንቀሳቀስ የማይችል ሌላ ሠራዊት ይከተላል። ይኸውም እህል የሚፈጩት፣ እንጀራ የሚጋግሩት፣ ጠላ የሚጠምቁት፣ ውኃ የሚቀዱትና ቁስለኛ የሚያነሡት ሴቶች፣ እንዲሁም አጋሰስ የሚነዱት አገልጋዮች ናቸው። የዚያ ዘመን ጦር የሚጓዘው በሴቶች ትከሻና በበቅሎ ጀርባ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ሰው መመገብ የመንግሥቱ ትልቁ ችግር ነበር። አስቀድሞ ወታደሩ በየገበሬው ቤት እየተመራ ገብቶ የቤቱን እህል ይበላ ስለነበር ሕዝቡ እጅግ ይማረር ነበር። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገደማ ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንዱን ለጦሩ ስንቅ እንዲሰጥ፣ ወታደሩም ከገበሬው ቤት እንዲወጣ የሚያዝ የአሥራት ግብር ደነገጉ። ይህ ትእዛዝ በየስፍራው በትክክል ተፈጸመ ማለት አይቻልም። ሆኖም ጦር ከሕዝብ ላይ እየነጠቀ ሊኖር አይገባም የሚለውን አሳብ በሕግ ያስቀመጠ ነበር።

በአድዋ ዘመቻ ጊዜ የመሀል ሰፋሪው አለቃ ፊታውራሪ ገበየሁ ነበሩ። ገበየሁ በድፍረታቸው ወደር የሌላቸው ሰው ነበሩ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ ያለ ትእዛዝ ውጊያ ጀምረዋል ተብለው ከድሉ በኋላ እስከ መታሰር ደርሰው ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ከፊት ሆነው ሲዋጉ ወደቁ። ምኒልክ በእርሳቸው ስፍራ ሀብተ ጊዮርጊስን ሾሙ። ደፋር የነበረውን አለቃ ታጋሽ የሆነ አለቃ ተካው። መሀል ሰፋሪው ከዚያ ቀን በኋላ የተፈለገው በጦር ሜዳ ካደረገው ይልቅ በከተማ ባደረገው ነውና ይህ ሹመት የተሰጠው ለጊዜው ተገቢ ለሆነው ሰው ነበር።

ከአድዋ ማግሥት በ1889 ዓ.ም. ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ ቦረና ዘምተው ያን ሰፊ የአርብቶ አደር አገር ለምኒልክ መንግሥት አስገበሩ። በልጅነታቸው አገራቸው ተወሮ የተማረኩት ሰው በጎልማሳነታቸው በተራቸው አገር አስገባሪ ሆኑ። በዚያ ዘመን በደቡብ አገሮች የሰፈረው ወታደር ደመወዝ በገንዘብ አይከፈለውም፤ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይሰጠዋል። ገባሩም ለወታደሩ እህል ያቀርባል፣ ያርስለታል፣ ቤቱን ይሠራለታል። ለመንግሥት ብዙ ወጪ ሳያስወጣ ብዙ ጦር ያቆመው ይህ ሥርዓት ነው፤ ወጪውን ግን ገባሩ በጉልበቱ ይከፍለው ነበር። የዚያ ዘመን ጦር ታሪክ ያለ ገባሩ ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ስሙ አዲስ ቢሆንም አብዛኛው ሥራ የቆየው ሥራ ነበር፦ ለወታደሩ ቀለብና ማደሪያ መስጠት፣ መሣሪያ ማስጠበቅ፣ በወታደሮች መካከል የሚነሣውን ክርክር መዳኘት። በተለይ ዳኝነቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ጠመንጃ የያዘ፣ የሥራ ፈት ጊዜው የበዛ፣ በመሬትና በገባር ሁልጊዜ የሚካሰስ ሠራዊት ፍርድ ካላገኘ ወዲያው ወደ አመፅ ይዞራል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በዳኝነታቸው የተከበሩ ስለነበሩ የወታደሩ ልብ ከእርሳቸው ጋር ሆነ።

የዚህም ፍሬ ብዙ ሳይቆይ ታየ። ምኒልክ በጽኑ ታመሙ፤ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆኑ ታወጀ። በ1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በሸዋ መኳንንትና በመሀል ሰፋሪው ግፊት ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ። በ1903 ዓ.ም. እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው ሞቱ። በዚያው ዓመት ራስ አባተ ቧያለው በግቢ ውስጥ ያለውን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ለመያዝ ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ። ስለ ዙፋኑ የሚደረገው ትግል የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ለመያዝ የሚደረግ ትግል ሆነ። ቁልፉን የሚጠብቀው የግቢ ዘበኛ፣ ከተማውን የሚሞላው መሀል ሰፋሪ ነበርና እነዚህ ሁለት ክፍሎች ያልተቀበሉት ሰው ሊገዛ አይችልም ነበር። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉም የመንግሥቱ ምሰሶ የነበረው ሰው በዙፋን ላይ ሳይሆን በጦር ሚኒስትርነት ስፍራ ተቀምጦ ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መሻራቸው በአዲስ አበባ ተነገረ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ግን የልጃቸውን መሻር አልተቀበሉም። ታላቅ ጦር ይዘው ከወሎ ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ሊያግዷቸው የተላኩትን ራስ ልዑል ሰገድን በቶራ መስክ ገጥመው ጦራቸውን ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም ሞቱ። በዚያ ሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነበር ማለት ይቻላል።

ንጉሥ ሚካኤል ወዲያው ቢገሠግሡ ኖሮ የነገሩ ፍጻሜ ሌላ በሆነ ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን ልባቸው ከኢያሱ ጋር እንደሆነ የሚያስመስል መልእክት ልከው ንጉሡን እንዳዘገዩአቸው ይነገራል። በዚህ መካከል የየአውራጃው ጦር ለመድረስ ጊዜ አገኘ። አባ መላ የተባሉበትን ስም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ሥራ የለም። ጠላትን በማታለል የተገኘ ጊዜ መሆኑን እያነሡ የወቀሷቸው እንደነበሩ መገመት አያዳግትም፤ የጦር አለቃ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ስለ ሠራዊቱ ነው።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሰገሌ ሜዳ ሁለቱ ጦሮች ተጋጠሙ። የመሀሉን መንግሥት ጦር በዋናነት የመሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። በሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው ወደቀ። የወሎ ፈረሰኛ እንደ ልማዱ በድፍረት እየጋለበ ገባ፤ ነገር ግን መትረየስ በተጠመደበት ሜዳ የፈረስ ዘመን እያለፈ ነበር። በውጊያው መጨረሻ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ልጅ ኢያሱ ለአባታቸው ጦር በጊዜው አልደረሱለትም።

በሰገሌ የተፋጁት ሰዎች ከሃያ ዓመት በፊት በአድዋ በአንድ ወገን የተሰለፉ ነበሩ። የሚካኤል ፈረሰኛና የምኒልክ መሀል ሰፋሪ የአንድ ጦር ሁለት ክንዶች ነበሩ። ወታደሩ አገሩን የሚያውቀው በጌታው በኩል ብቻ እስከሆነ ድረስ ጌቶቹ ሲጣሉ ወንድማማች መጋደሉ የማይቀር ነው። ድል ያደረጉት አለቃም ራሳቸው ምርኮኛ የነበሩ ናቸውና የተማረከ ሰው በልቡ ምን እንደሚሰማው ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር።

ከሰገሌ በኋላ የሀብተ ጊዮርጊስ ኃይል ከፍተኛ ደረጃ ደረሰ። ጦሩ በእጃቸው ነው፤ መኳንንቱ ይፈሯቸዋል፤ ንግሥቲቱ ያምኗቸዋል። ሆኖም ለራሳቸው ዙፋን አልተመኙም። ከነገሥታት ዘር ስላልተወለዱ ቢመኙም የሚቀበላቸው አልነበረም የሚል ይኖራል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ራሱ መንገሥ የማይችል ባለ ጦር ሌላውን እያነገሠና እየሻረ አገር ሊያምስ ይችል ነበር። እርሳቸው ይህን አላደረጉም። በንግሥት ዘውዲቱና በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ መካከል እንደ ሚዛን ምላስ ሆነው ለዐሥር ዓመት ያህል ቆዩ።

ጦሩ ግን ኃይሉን ቀምሶ ነበር። በ1910 ዓ.ም. የመሀል ሰፋሪው ወታደሮች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ሚኒስትሮቹ አገር እየበደሉ ነውና ይሻሩልን ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው በጠመንጃ የታጀበ ነበርና እምቢ የሚል አልተገኘም። ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሚኒስትሮቹ ተሻሩ። የወታደሩ ቅሬታ ብዙ እውነት እንደነበረው አይካድም። ይሁን እንጂ ንጉሥን ሊጠብቅ የቆመ ጦር ሚኒስትር መሻር ከጀመረ የሚያቆምበትን ድንበር የሚያሳየው ማነው? በዚያ ወራት ድንበሩ የአንድ ሽማግሌ ምክርና ቁጣ ብቻ ነበር።

ራስ ተፈሪ ይህን በሚገባ ተመልክተዋል። ከ1909 ዓ.ም. በኋላ ከመሀል ሰፋሪው ውጭ የሆነ የራሳቸውን ዘበኛ ማሠልጠን ጀመሩ። አሠልጣኞቹ በእንግሊዞች ሥር በኬንያ፣ በጣሊያኖች ሥር ደግሞ በትሪፖሊ በወታደርነት ያገለገሉና ዘመናዊ ሰልፍ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ክቡር ዘበኛ የተባለው ጦር መሠረት ይህ ነው። የክቡር ዘበኛ ወታደር እንደ መሀል ሰፋሪው ገባር ተመርቶለት የሚኖር ሳይሆን ደመወዝ የሚቀበል፣ አንድ ዓይነት ልብስ የሚለብስ፣ በየቀኑ የሚሠለጥን ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አዲስ ነገርን በጥርጣሬ የሚያዩ የቆየው ሥርዓት ሰው ነበሩ። እርሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ አዲሱ ጦር ከአሮጌው በላይ ሊሆን አልቻለም፤ አሮጌውም አዲሱን አላጠፋውም።

በታኅሣሥ ወር 1919 ዓ.ም. ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አረፉ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ዓመት ገደማ ነበር። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም በዚያው ሰሞን ስላረፉ የምኒልክ ዘመን ሁለት ታላላቅ ሰዎች ባንድ ጊዜ ጠፉ። በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተብሎ የሚጠራው ስፍራ ስማቸውን ይዞ ቀርቷል። ራስ ተፈሪ ጊዜ ሳያባክኑ የሟቹን ጦርና ግዛት በእጃቸው አስገቡ። ወታደሩ አልተቃወመም። ለብዙ ዓመታት አገር ያንቀጠቀጠ ጦር አለቃው ሲሞት ቀለብ ወደሚሰጠው አዲስ ጌታ በሰላም ዞረ።

የሆነውን ነገር ትርጉም በግልጽ ያሳየው የደጃዝማች ባልቻ ዕጣ ነው። በ1920 ዓ.ም. ባልቻ ከሲዳሞ ብዙ ሺህ ወታደር አስከትለው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በነፋስ ስልክ ሰፈሩ። ወደ ግብር ተጠርተው ወደ ቤተ መንግሥት በሄዱበት ጊዜ ወታደራቸው በሰፈሩ እየተባበለ፣ ገንዘብም እየተሰጠው ተበተነ። በአድዋ መድፎቹን ያዘዙት ጀግና ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ የሚያዙት ሰው አጡ። ተይዘው ታሰሩ፤ አንዲትም ጥይት አልተተኮሰችም። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ጣሊያን አገሪቱን በያዘ ጊዜ በእርጅናቸው እንደገና መሣሪያ አንሥተው ሲዋጉ ሞቱ።

መሀል ሰፋሪው ከሀብተ ጊዮርጊስ በኋላ የጦር ሚኒስትር በሆኑት በሙሉጌታ ይገዙ ሥር ዐሥር ዓመት ያህል ቆየ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በ1922 ዓ.ም. የቤልጅክ መኮንኖች መጥተው ክቡር ዘበኛን አሠለጠኑ፤ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት በሆለታ ተከፈተ። መሀል ሰፋሪው ግን በአብዛኛው እንደ ጥንቱ ነበር። በየካቲት 1928 ዓ.ም. ራስ ሙሉጌታ ይህንኑ ጦር ይዘው በእንደርታ፣ በአምባ አራዶም ላይ የጣሊያንን ሠራዊት ገጠሙ። ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ፣ ከምድር መድፍ ወረደባቸው። ጦሩ ተፈታ፤ ራስ ሙሉጌታም በማፈግፈግ ላይ ሳሉ ተገደሉ። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የተቋቋመው ሠራዊት በሻለቃና በክፍለ ጦር የተደራጀ፣ ደመወዙን ከመንግሥት የሚቀበል ሆነ። ፊታውራሪና ቀኛዝማች የሚሉት ማዕረጎች በመኳንንቱ ዘንድ የክብር ስም ሆነው ሲቀጥሉ በንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ዙሪያ የሚሰፍር ጦር አልነበረም።